ከላይ የሚመጣው ወይስ ከሥር የሚገባው? ንስርና ዞሪላ ለዶሮ አርቢ ሲነጻጸሩ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ባደረበት አንድ ጠዋት፣ አባባ ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሱም።

«ንስሩ ሁለት ቄብ በላብን።»

«መቼ?»

«ማታ ነዋ! ጠዋት ስንከፍት የሉም።»

ንስር ሌሊት አያድንም። ልናገር ብዬ ተውኩት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጀማ ገደል አፋፍ ላይ ኖረው ስለ ንስር ከእኔ ከከተማው ሰው ሊማሩ ነው? ደግሞ እኛ ቤት ክሱ የታወቀ ነው። ቀን የጠፋ ዶሮ የጭላት ነው፣ ሌሊት የጠፋ የሸለምጥማጥ። ትልቅ ዶሮ ከጠፋ ግን ሰዓቱ አይጠየቅም፣ ንስር ነው።

ነገሩ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን እዚያው ባበቃ። ግን ብር መጣበት። ለአንድ ጥቅል የሽቦ ወንፊት የሚሆን ብር ነበረን። ወይ ዶሮዎቹ የሚውሉበትን ግቢ ከላይ እንሸፍናለን፣ ወይ የዶሮ ቤቱን ከሥር እንዘጋለን። ሁለቱንም አይሆንም። አባባ ከላይ አሉ። እኔ ከሥር አልኩ። ዶሮ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ስለሚደርስ፣ እኛ የሄድንበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስካንኩን ከመንገድ እናስወጣው

ስለ ዶሮ ሌባ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ግማሹ ወሬ ስለ ስካንክ ነው። ስካንክ ደግሞ እኛ አገር የለም። ባለ ነጭ መስመሩ ስካንክ ከደቡብ ካናዳ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ የሚኖር፣ ድመት የሚያህል ጥቁር አውሬ ነው። ከጭንቅላቱ የሚነሳው ነጭ መስመር ጀርባው ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሲፈራ መጀመሪያ በፊት እግሩ መሬቱን ይደበድባል። ጅራቱን ያቆማል። ያ ካልበቃ ዞሮ ከጅራቱ ሥር ካሉት ሁለት እጢዎች ይረጫል። ሦስት ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ሰው ፊት ላይ ያገኛል። የሽታው ምንጭ ድኝ ያለባቸው ውህዶች ናቸው። ከረጨ በኋላ እጢው እስኪሞላ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት እንደ ዋዛ አያባክነውም።

የእኛው ተመሳሳይ ዞሪላ ይባላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በብዙ ቦታ አለ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ አለ። ስካንክ ይመስላል እንጂ የቅርብ ዘመዱ አይደለም። ዞሪላ ከነ ባጀር (መሬት ቆፋሪ አውሬ ነው) ቤተሰብ ነው። ስካንክንም ሳይንቲስቶች ድሮ እዚያው ያስገቡት ነበር፤ በኋላ የዘር ጥናት ሲመጣ ለብቻው ቤተሰብ ሰጡት። መጠናቸውም ይለያያል። ዞሪላ ትንሽ ነው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ አካባቢ። ጥቁር ገላው ላይ አራት ነጭ መስመር አለው። ፊቱ ላይ ሦስት ነጭ ነጠብጣብ። ጅራቱ ነጭና ጨብራራ ነው፣ የሽማግሌ ጭራ ይመስላል። የሚንቀሳቀሰው ሌሊት፣ ብቻውን ነው። አይጥ፣ ጢንዚዛ፣ እባብ፣ የወፍ እንቁላል ይበላል። ሲጨንቀው የሞተ ሆኖ ይተኛል። መርጨት ግን እንደ ስካንኩ ይችልበታል።

ስለዚህ የአሜሪካኖቹ ምክር ብዙው ይሠራል። እነሱ ስካንክ ሲሉ እናንተ ዞሪላ ብላችሁ አንብቡት።

ተከሳሹ ንስር

ጀማ ገደል ላይ አባባ የሚያሳዩኝ ንስር ጥቁሩ ነው። ክንፉ ተዘርግቶ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ያህላል። ክብደቱ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ፣ ሴቷ ከዚያም ትበልጣለች። ዞር ሲል ጀርባው ላይ ተገልብጦ የተጻፈ «ለ» የሚመስል ነጭ ምልክት ይታያል። እዚህ አገር ለመኖር የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ገደልና ሽኮኮ። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሁለቱንም አትረፍርፎ ሰጥቶታል። ከደብረ ሊባኖስ እስከ ጀማ፣ ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ገደል አለ። ገደል ባለበት ሽኮኮ አለ።

ዶሮ ለሚያረባ ሰው ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፤ ጥቁር ንስር ምግቡን የሚመርጥ ወፍ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ በማቶቦ ኮረብታዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተሉት፣ ከሚበላው ውስጥ ከመቶ ዘጠናው በላይ ሽኮኮ ሆኖ ተገኝቷል። አስተዳደኑ ራሱ ለሽኮኮ የተሰፋ ነው። ባልና ሚስቱ አብረው ይወጣሉ። አንዱ በሽኮኮዎቹ ፊት ያልፋል። እነሱ እሱን ሲያዩ ሌላው ከኋላ ይመጣል። ሽኮኮዋም ዝም ብላ አትጠብቅም፤ ዐይኗ ውስጥ ፀሐይ የሚጋርድላት ክዳን ስላላት ከፀሐይ አቅጣጫ የሚመጣውን እንኳ ማየት ትችላለች። እንዲህ ዓይነት የዕድሜ ልክ ጠብ ያለበት ወፍ ለአባባ ዶሮዎች የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

ይችላል ወይ ካላችሁ፣ አዎ ይችላል። የአገራችን ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ብትሆን ነው። ሽኮኮ ከዚያ ይከብዳል። ሽኮኮ የጠፋበት አካባቢ ከሆነ ጥንቸልም፣ ቆቅም፣ ዶሮም ይወስዳል። ግን የሚወስደው በቀን ነው፣ ሜዳ ላይ ነው፣ አንድ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ፌስቡክ ላይ በየሳምንቱ የሚዞር ታሪክ አለ፦ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን በድንጋይ ሰብሮ፣ ላባውን ነቅሎ፣ እንደገና ወጣት ይሆናል የሚል። ስልጠና ላይም ሰምቼዋለሁ፣ ሰው ያለቅሳል። ወፉ መንቁሩን ቢሰብር በረሃብ ነው የሚሞተው። እውነተኛው ታሪኩ ደግሞ ለስልጠና አይሆንም። ጥቁር ንስር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል። ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ታናሹን ነክሶ ይገድለዋል። ማቶቦ ውስጥ አንዱ ታላቅ በሦስት ቀን ውስጥ ወንድሙን 1,569 ጊዜ ነክሶ ገድሎታል። ቁጭ ብሎ የቆጠረው ሰው ትዕግስት ይገርመኛል።

የጫጩት ጉዳይ ሲነሳ እውነተኛው የቀን ሌባ ንስር ሳይሆን ጭላት ነው። ቢጫ አፍ ያለው፣ ጅራቱ ሹካ የመሰለው፣ ቄራና ገበያ ላይ የሚያንዣብበው። ገብስ ማሳ ዳር እንጨት ላይ ቁጭ ብሎ የምታዩት፣ ጅራቱ ቀላ ያለው ወፍራም ወፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አይጥና ፍልፈል ነው። እሱን በድንጋይ የሚያባርር ገበሬ ያለ ደሞዝ የቀጠረውን ዘበኛ እያባረረ ነው።

ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። የአባባ ዶሮ ቤት ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ የድሮ ጣውላ። እማማ ቡና ከማፍላታቸው በፊት በሩ ሥር ተንበረከክሁ።

በበሩና በመሬቱ መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ ጋ አፈሩ አዲስ ተጭሯል። ውስጥ፣ ጭዱ ላይ፣ አንድ እንቁላል ነበር። በአንድ በኩል ጫፉ ተነክሶ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ውስጡ ተልሶ ባዶ ሆኗል። ጣውላው ላይ ከወጣች ስንጥር አምስት ስድስት ጸጉር ተንጠልጥሏል። ረጃጅም፣ ሥሩ ጥቁር፣ ጫፉ ነጭ። ያ ሽታ ደግሞ አለ። የተቃጠለ ጎማ ላይ የበሰበሰ ሽንኩርት ጨምሩበት። ውሻችን ከአመድ ክምሩ ላይ አልነሳም አለ። ስጠራው ዐይኑን ከእኔ ያሸሻል።

የአንዷን ቄብ ሬሳ የጎረቤት ልጅ ከካቡ ጀርባ አገኘው። ራሷና አንገቷ ተበልቷል። ቀሪው እንዳለ ነው። እስከዚያ ድረስ መሬት ለመሬት ተጎትታለች፤ ላባዋ በመስመር ወድቋል።

ይሄን ከወፍ ሥራ ጋር አስተያዩት። ንስር ወይም ሌላ አዳኝ ወፍ ዶሮ ሲይዝ ወይ እንዳለ ይዞ ይሄዳል፣ ጥቂት ላባ ብቻ ታገኛላችሁ። ወይ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ ይነጫል። ያኔ ላባው በአንድ ቦታ ዙሪያውን ተበትኖ ይገኛል፣ ልክ ሰው ቁጭ ብሎ ዶሮ እንደገነጠለ። በር ሥር አይጭርም። እንቁላል ልሶ አይሄድም። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ውስጥ አይገባም።

«ሸለምጥማጥ ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። እማማም ጠይቀውኛል። ጥያቄው ልክ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሸለምጥማጥ ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ረጅምና ባለ ቀለበት ነው። ዛፍና ግድግዳ ይወጣል። ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል። ስለዚህ ከላይ በጣሪያና በግድግዳ መሃል ይገባል። ዞሪላ መውጣት የሚያቅተው ባይሆንም ሥራው መሬት ላይ ነው፣ ይጭራል።

ለማረጋገጥ ያን ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ ደጅ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ አንድ ነገር በካቡ ሥር እያሸተተ መጣ። ባትሪ አበራሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጅራቱን ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ከዚያ አራቱን መስመር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሁለት ቄብ ይበላል ብዬ አላምንም ነበር። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሳልሮጥ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አቅጣጫ ዘግታችሁ ካላስጨነቃችሁት አይረጭም።

ታዲያ ብሩን የት?

የኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ዶሮ ቤት ካላችሁና ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ መጀመሪያ ሥሩን ዝጉ። ንስር ሲመጣ ቀን ነው፣ ሰው አለ፣ አውራ ዶሮው ይጮኻል፣ የሚጠፋው አንድ ነው። ከሥር የሚገባው ግን ሁሉም ቆጥ ላይ ተኝተው ሳሉ ነው የሚደርሰው፣ የት ይሸሻሉ? አንዴ የቀመሰ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። የእኛው ተመልሷል።

እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። የሽቦ ወንፊቱን ቀዳዳው ትንሽ ጣት ከማያስገባው ዓይነት ገዛን። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬ እንዳይገባ ብዙም አይከለክልም፣ ቀዳዳው ለጫጩት እግር መጎተቻም ይበቃል። ሽቦውን ከግድግዳው ሥር ጀምረን መሬት ላይ ወደ ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ዘረጋነውና አፈርና ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንበት። የሚጭር አውሬ ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር ነው የሚጀምረው፤ ሽቦው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር አይመጣለትም። በሩ ሥር የድንጋይ መድረክ አስገባን። መቀርቀሪያ ከላይ ብቻ ነበር፣ ከታችም ጨመርን፤ ጣውላ ከታች ሲገፋ ይለጠጣላ። የግድግዳውን ቀዳዳ በጭቃና በጭድ ደፈንን። የተረፈችውን ሽቦ ለሸለምጥማጡ ብለን ከቆርቆሮው ሥር አደረግናት።

ብር የማይጠይቀው ደግሞ ይበልጣል። እንቁላል ማታ ማታ ልቀሙ። የተረፈ እህል አታሳድሩ፣ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ ደግሞ ዞሪላን ይጠራል። 12 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋ፣ «ቆይ አንዷ አልገባችም» ብላችሁ እስከ 2 ሰዓት ክፍት አታድርጉት።

ከላይ የሚቀድምበት ጊዜ የለም አልልም። ቤታችሁ ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ፣ ዶሮዎቹ ባዶ ሜዳ ላይ የሚውሉ ከሆነ፣ በተለይ አዲስ የፈለፈለች እናት ካለቻችሁ፣ ሰማዩን አስቡበት። ያኔም ቢሆን ሽቦ የግድ አይደለም። ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር ቅርጫት ሥር ማዋል አያቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ጠንከር እስኪሉ ይሠራል። ቁጥቋጦ ያለበት ግቢ ከተመነጠረ ግቢ ይሻላል፣ ዶሮዋ ሮጣ የምትገባበት አላት። ከአጥር አጥር አሮጌ ገመድ እያመሳቀሉ መወጠርም ትልቅ ወፍን ያስፈራዋል፤ ክንፉ እንዳይመታበት ይጠነቀቃል። ጭላት ግን ይለምደዋል።

መርዝ አይታሰብ

አንድ ጎረቤት «ሥጋ ላይ መርዝ አድርጉበት» አለን። ከልቡ ነው፣ ሊረዳን ነው። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። መርዝ የተቀባ ሥጋ ማን እንደሚበላው አታውቁም። የራሳችሁ ውሻ ይበላዋል። የሞተውን ደግሞ ጥንብ አንሳ ይበላዋል። አገራችን ካሏት ጥንብ አንሳዎች ቢያንስ ሦስቱ ዓይነቶች ዛሬ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ዞሪላውም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይጥ ሲበላላችሁ የከረመ ነው። ንስሩ ደግሞ ባይኖር ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ገብስ ሽኮኮ ይጨርሰው ነበር።

ይልቅ የምትፈሩትን ልንገራችሁ። የሌሊት አውሬ በቀን እየተንገዳገደ ከመጣ፣ ሰው የማይፈራ ከሆነ፣ አትጠጉት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ዞሪላንም ይይዛል። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ለነገ አያድርም።

ውሻው? በእንዶድ አጠብነው። ስምንት ቀን ሸተተ። አሜሪካኖቹ ቲማቲም ጭማቂ ይላሉ፣ እሱ አይሠራም፣ ቲማቲም የሚሸት ውሻ ነው የሚሆነው። ለስካንክ የሚሠራው በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ያወጣው ቅልቅል ነው፦ አንድ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ (60 ሚሊ ሊትር ያህል) ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ዐይኑን ጠብቁ። ወዲያው ተጠቀሙበት፣ የተረፈውን ድፉት እንጂ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትዘጉት፣ ይፈነዳል። በዞሪላ ላይ ግን አልሞከርኩትም፣ ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበረው እንዶድ ብቻ ነው።

ሥሩን ከዘጋን ወዲህ ሌሊት የጠፋ ዶሮ የለም። ጭረቱ ሁለት ቀን ታየ፣ ከዚያ ቀረ። አባባም ስለ ዞሪላ የነገርኳቸውን ሁሉ ሰምተው ነበር። የካቲት ላይ ደወሉ።

«ያ ዞሪላህ ሦስት ጫጩት ወሰደ።»

«መቼ?»

«በስድስት ሰዓት ነዋ! ፀሐይ አናት ላይ ሆና።»